በመወርወሪያ የተሳፈሩት ልጆች

ልጄ ያን መጽሐፍ ይዛ ስትገባ መጀመሪያ ያየሁት ውፍረቱን ነው። ቀጥዬ ሽፋኑን አየሁ፤ አራት ልጆች የመስታወት ቆብ ደፍተው ጥቁር ሰማይ ላይ ተንሳፍፈዋል። ከጓደኛዋ ተውሳ ነው ያመጣችው።

"ክረምቱን ሙሉ ከዚህ ጋር ልትውዪ ነው?" አልኳት።

"እማዬ፣ ሳይንስ ፊክሽን እኮ ነው። ቶሎ ነው የሚያልቀው" አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

እኔ ደግሞ ሳናግረው ቀና የማይል ሰው ደሜን ያፈላዋል። ሽሮ ሜዳ ሱቄ ውስጥ "ይሄ ጥለት ላንቺ ነው የተሠራው" እያልኩ የሰው ፊት ሳይ ውዬ፣ ታክሲ ተጋፍቼ ቤቴ ስደርስ የሚቀበለኝ የልጄ አናት ብቻ ነው። አማርኛ እንድታነብ ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ። እሷ እቴ! ፈረንጅ የጻፈውን፣ ያውም ሰማይ ላይ ስለጠፉ ልጆች። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠምጄ ያዝኩት።

ባለፈው ክረምት ግን ቤታችን ውስጥ ቀና የማይለው እሷ ብቻ አልነበረችም።

አባቴ ሸማኔ ናቸው። በወጣትነታቸው ከጨንቻ መጥተው፣ እዚሁ ጉለሌ ቤት ቀልሰው፣ እኔን አሳድገው፣ ሱቄ ውስጥ የሚሰቀለውን ነጠላና ጋቢ ሲሠሩ ነው የኖሩት። ሸማኔ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰድዶ፣ መርገጫውን እየረገጠ ነው የሚውለው። የዚያ ጉድጓድ ብርድ በመጨረሻ ጉልበታቸው ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። ሐኪሙ "ከእንግዲህ እዚያ ውስጥ እግርዎን እንዳይከቱ" አላቸው። እሺ ብለው ዕቃቸውን በጆንያ ጠቅልለው አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ ያ ተረበኛው አባቴ፣ ሰው ሳይነካኩ መዋል የማይሆንላቸው፣ ዝም አሉ። "እንዴት አደሩ?" ስላቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው፤ በቃ። ጠዋት በር ላይ ይቀመጣሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ወንበራቸውን ይዘው ይገባሉ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ "ለመስቀል አገሬ እገባለሁ" አሉ። "እዚያው እቀራለሁ።"

"እንዴ! ምን ማለት ነው እቀራለሁ? በዚያ ብርድ? በዚያ ጭቃ?"

"አገሬ ነው።"

ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ። ምን እንደሆነም አውቀዋለሁ። ግን እኔ እንዲህ ነኝ፤ ለመለመን አፌን ስከፍት የሚወጣው ጩኸት ነው። የድስቱን ክዳን ጓ አድርጌ ከደንኩትና ወደ ሱቄ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ዕንባዬን እየዋጥኩ ነው የሄድኩት። አባቴ ከቤቴ እንዲሄዱ አልፈልግም ነበር፤ ይኸው ነው።

ንባቡን ያመጣው የመብራት መጥፋት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ እኔም ገበያ ስለሌለ ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ገብቻለሁ። ልጄ መስኮቱ ሥር መጽሐፏ ላይ ተደፍታለች።

"ምን ይላል?" አሏት አባቴ ድንገት።

"እንግሊዝኛ ነው አባባ።"

"እንግሊዝኛ መሆኑንማ አያለሁ። ምን ይላል ነው ያልኩሽ።"

ቀና አለች። ተመስገን! ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ እያነበበች በአማርኛ ትነግራቸው ጀመር። አራት ልጆች ናቸው፤ ከምድር በጣም ርቆ ሰማይ ላይ በተሠራ ጣቢያ ተወልደው ያደጉ። ምድርን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ትልልቆቹ ሰዎች ሁሉ በሽታ ገባባቸውና ለሕክምና ወደ ምድር ተወሰዱ። ልጆቹን "ተመልሰን እንወስዳችኋለን" አሏቸው፤ ቢጠብቁ ቢጠብቁ ግን የሚመጣ የለም። ጣቢያው መፈራረስ ሲጀምር አራቱ ብቻቸውን ወደማያውቋት ምድር ለመሄድ ተነሡ።

"ከዚያ እየሮጡ..." አለችና ቆመች። "እማዬ፣ ሻትል በአማርኛ ምንድን ነው?"

እኔ የማውቀው ሻትል ሆቴሎች እንግዳ የሚያመላልሱበትን መኪና ነው። "ሚኒባስ በይው" አልኳት። ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝና ስልኳን ነካካች።

"አገኘሁት። እየሮጡ መወርወሪያው ውስጥ ገቡና በሩን ዘጉ።"

አባቴ ከተደገፉበት ግድግዳ ቀና አሉ። "ምን ውስጥ?"

"መወርወሪያ።"

"መወርወሪያ? የኛ መወርወሪያ?"

"የናንተ ደግሞ የቱ ነው?"

ወይ ጉድ! ሸማኔ ቤት ተወልዳ፣ የመወርወሪያ ድምፅ እየሰማች የተኛች ልጅ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ ግን አልተቆጡም። ጉልበታቸውን ደገፍ አድርገው ተነሡ፣ ጆንያውን ፈቱ፣ ከእጅ ብዛት የለሰለሰችውን እንጨት አምጥተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። መሐሏ ቦርቦር ያለ ነው። ክር የተጠቀለለበት ቀሰም እዚያ ውስጥ ይገባል፤ ሸማኔው በተዘረጋው ድር መሐል ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውራት ክሯን እየለቀቀች ትመላለሳለች። አባቴ ይህን ሁሉ በእጃቸው እያሳዩ አስረዷት።

"እና አራት ልጆች" አሉ ከዚያ፣ "አራት የደረሱ ልጆች፣ እዚች ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ?"

ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ልጄም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ትርጉሙ ትክክል እንዳልሆነ ጠርጥሬያለሁ፤ ግን አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ እየሳቁ ማን ደፍሮ ያርማል!

ከዚያ ወዲህ አሥር ሰዓት ገደማ ሲሆን ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አስጠግተው ይጠብቋታል። ዝም ብለው ግን አያዳምጡም፤ ይከራከራሉ። "ማጉ የታለ? መወርወሪያ ያለ ማግ ምን ሊሠራ?" ይላሉ። ነዳጁ እያለቀ መሆኑን ስታነብላቸው "ቀሰሙ እያለቀ ነው በያ!" ብለው ይቆጧታል። ከልጆቹ አንደኛው ወሬ የሚያበዛና ምግብ ደብቆ የሚበላ ነው፤ እሱ ሲመጣ በጋሞኛ ይሰድቡታል። ልጄ ጋሞኛ ስለማትሰማ "ምን አሉት?" ትለኛለች። "ጎበዝ ነው እያሉት ነው" እላታለሁ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤታችንም ሸማኔ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በቆርቆሮው ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው "ልጆቹ እንዴት አደሩ?" ማለት ጀመሩ። አባቴም የደረሱበትን በዝርዝር ይነግሯቸዋል።

አንድ ቀን ልጄ ኩሽና ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። "እማዬ፣ ተሳስቻለሁ" አለችኝ። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሥዕል አግኝታለች። ክንፍ አለው፣ ጎማ አለው፣ አፍንጫው እንደ አውሮፕላን የሾለ ነው። "መንኮራኩር ነው እንጂ ሸማኔ የሚወረውረው አይደለም። ልነግራቸው ነው።"

"ዝም በይ!"

"ውሸት ነዋ እንግዲህ።"

"መጽሐፉ ራሱ ከላይ እስከ ታች ውሸት አይደል እንዴ? አንዲት ቃል ምን ታደርግሻለች?"

"ሳይንስ ፊክሽን ውሸት አይደለም" አለችኝ ተቆጥታ። ተቆጥታ! እኔን! ከማን ወረሰችው አልልም።

በማግስቱ ሥዕሉን አሳየቻቸው። አባቴ መጽሐፉን ወደ ዓይናቸው አቅርበው ሥዕሉን ከክንፉ እስከ ጎማው አዩት። በቃ፣ ተመልሰው ወደዚያ ዝምታቸው ሊገቡ ነው ብዬ በልቤ ልጄን ረገምኩ።

"ይሄን ስም ማን አወጣለት?" አሉ።

"ፈረንጆች።"

"ምን አይተው መወርወሪያ አሉት?"

ልጄ ስልኳን አገላበጠች። የጥንቱ ስም የሸማኔው እንደሆነ፣ ይሄኛው እየሄደ ስለሚመለስ ስሙን ከዚያ እንደተዋሰው አነበበችላቸው።

"እንግዲያው ምን ተሳሳትሽ?" አሉ አባቴ። "ስሙ የኛ ነው። ቀጥዪ!" ይህን ለመናገር በዚያ ዝናብ ከአጥሩ ሥር ቆመው ጎረቤታቸውን ሲጣሩ ጃንጥላ ይዤ የተከተልኳቸው እኔ ነኝ።

ነሐሴ ውስጥ የወንድማቸው ልጅ ከጨንቻ ደወለ። አባቴ ስልክ ሲያወሩ ድምፁን ለቀው ስለሆነ ሁላችንም እንሰማለን። "መቼ እንጠብቅዎት?" አላቸው።

"መጽሐፉ ሲያልቅ እመጣለሁ።"

"የምን መጽሐፍ?"

"ልጆች ሰማይ ላይ ቀርተዋል። ጥያቸው አልመጣም።"

ልጁ ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቀው። እኔ ግን ያን ጊዜ መጽሐፉን አየሁት። የቀረውን በጣቴ ለካሁት። ያ የጠመድኩት ውፍረት እንዲህ ያሳሳኛል ብዬ መች አሰብኩ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንባቡን የማላስቆምበት ሰበብ አልነበረም። አሥር ሰዓት ሲቃረብ ልጄን ሽንኩርት ግዢ ብዬ አዲሱ ገበያ እልካታለሁ። ሽንኩርቱን ይዛ ስትመጣ ቲማቲም ረሳሁ እላለሁ። መጽሐፉን ከጋቢ ክምር ሥር ደብቄው ቤቱ ሲታመስ አብሬ ፈልጌያለሁ። አንድ ቀን ሰማዩ ከፈት ሲል "አየር ይቀይሩ" ብዬ ሁለቱንም ወደ ጉለሌው የእጽዋት ማዕከል ሰደድኳቸው። በደስታ ሄዱ። መጽሐፉን ብብቷ ሥር አድርጋው ኖሮ፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ሁለት ምዕራፍ ጨርሰው መጡ። አበዱ እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ከዚያ ልጄን ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘጋ። እሰይ አልልም፣ እናት ነኝ፤ ግን አላዘንኩም። አባቴ ግን አልቻሉም። "አንቺ አታነቢም? ያስተማርኩሽ ለመቼ ነው?" አሉኝ። የኔ እንግሊዝኛ "ሀንድ ሜድ" እና "ላስት ፕራይስ" ለማለት ይበቃል፤ ሰማይ ድረስ አያደርስም። ሆኖም ዕድሉን ሳየው መጽሐፉን ተቀበልኩ። ከራሴ አምጥቼ ረጅም፣ የማያልቅ ምዕራፍ አሰብኩላቸው። ልጆቹ መንገድ ላይ አንዲት ኮከብ ያገኛሉ። ኮከቧ ላይ ገበያ ቆሟል። ትልቋ ልጅ በርበሬ ታነሣለች፣ ታሸታለች፣ "ያምናው ነው፣ ቀለም የለውም" ትላለች። ነጋዴዋ "አይ ልጄ፣ ዛሬ የገባ ነው" ትላለች። እየጣመኝ ሄደ። ነጋዴዋ ተቆጥታ ሚዛኑን ስትወረውረው...

"ቆይ" አሉ አባቴ። "እነዚህ ልጆች ትናንት አየር አጥሯቸው ሊሞቱ ነበር። ዛሬ በበርበሬ ይከራከራሉ?"

"አየር ቢያጥራቸውም መብላታቸው ይቀራል?"

"ይቺ ካንቺ ናት። ገጹንም አልገለጥሽም፤ እያየሁሽ ነው።"

ልጄ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና በተዘጋ ድምጿ ሳቋን ትለቀዋለች። አባቴ ግን አልሳቁም። "ለምንድን ነው የምታረዝሚብኝ?" አሉኝ። ይኸው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ። እኔስ? "እንዲጥምዎት ብዬ ነው" አልኩና ሻይ ላፈላ ተነሣሁ። እንዲህ ያለ ደረቅ ፍጥረት አለ?

መቼም አለቀ። ዘመን ተለውጦ መስቀል ደርሷል፣ ለበዓሉ አገሩ የሚገባው የኛ ሰው እንደ ጉድ ይጓዛል፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ግማሹ ዕቃውን ሰቅሎ ሄዷል። የአባቴም ሻንጣ በሩ ሥር ተቀምጧል። ያን ዕለት ሱቅ አልሄድኩም። ልጄ ስታነብ እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ የታጠፈውን ነጠላ ፈትቼ እንደገና አጥፋለሁ።

ልጆቹ ምድር ደረሱ። መወርወሪያው እሳት እየተፋ ወረደ፣ መሬት ነካ፣ ተንሸራተተ፣ ቆመ። አራቱም እርስ በርስ ተያዩ። ትልቋ ልጅ እጇን መክፈቻው ላይ አደረገች። "በሩ ተከፈተ። ብርሃን ገባ" አለች ልጄና መጽሐፉን ዘጋችው።

"ቀጥዪ እንጂ" አሉ አባቴ።

"አለቀ አባባ።"

"እንዴት አለቀ? ማን ተቀበላቸው?"

"አይልም።"

"እናታቸውስ? መጥታ ነበር?"

"አይልም እኮ። አንባቢው ራሱ እንዲያስበው ነው።"

"አንባቢው ምን ዕዳ አለበት!" አባቴ ከወንበራቸው ተነሡ። እንዲያ ተቆጥተው ካየኋቸው ቆይቻለሁ። "ያን ሁሉ መንገድ አምጥቶ፣ ስንት ስቃይ አሳይቶን፣ በሩ ላይ ማን እንደቆመ ሳይነግረን ተነሥቶ ሄደ? ደራሲ ተብሎ! ሰው እንዲህ ይደረጋል? የሚጠብቃቸው ሰው አለ ወይስ የለም?"

"እርስዎንስ?" አልኩ።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ነጠላው ከእጄ ወደቀ።

"እኔን ምን?"

"እርስዎንስ ማን ሊቀበልዎት ነው? ወንድምዎ ካለፉ ዓመት ሆናቸው። ልጆቻቸው በስልክ ነው የሚያውቁዎት። ቡና እንዴት እንደሚጠጡ የሚያውቅ አለ? ጉልበትዎን ማን ያሽልዎታል?" ይኸው እየጮህኩ ነው፤ እንደ ልማዴ። ከዚያ ጩኸቱ ተሰበረብኝ። "አባዬ፣ አትሂድብኝ። እባክህ አትሂድ። የምንጠብቅህ እኮ እዚህ ነን።"

አባቴን በሕይወቴ አንተ ብያቸው አላውቅም። ልጄ አፏን ከፍታ ታየኛለች። እኔም አፌን በእጄ ያዝኩት፣ ግን ወጥቷል።

አባቴ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ይሄን ለማለት" አሉ፣ "ክረምቱ ማለቅ ነበረበት?"

"ነግሬዎት ነበር እኮ..."

"አንቺ የነገርሽኝ ስለ ብርዱና ስለ ጭቃው ነው። ብርዱንማ ተወልጄበታለሁ።" ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሹ። "ሥራ ከፈታሁ ወዲህ እዚህ ቤት የምፈለግ አልመሰለኝም።"

ይሄን ጊዜ ነው አልቅሼ የወጣልኝ። ልጄም መጥታ ሁለታችን መሐል ገባች፣ እንደ ሕፃን። አባቴ አንድ እጃቸውን በኔ፣ አንድ እጃቸውን በእሷ ራስ ላይ አድርገው በጋሞኛ የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ልጄ "ምን አሉ?" አለችኝ። የዚያን ቀን መተርጎም አልቻልኩም።

ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ሻንጣው ከበሩ ሥር ተነሥቷል። ስልኬን ዘረጉልኝ።

"ደውዪለት። አትጠብቁኝ ብለዋል በይው።"

"ለምን ቢለኝ ምን ልበለው?"

"ልጄ ከለከለችኝ በይው።"

ደወልኩ። የአጎቴ ልጅ ወዲያው አነሣ። ከኋላው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። "አባዬ አይመጡም" አልኩት። "እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። የትም አልሰዳቸውም፣ አባቴ ናቸው፣ እዚሁ ከኔ ጋር ነው የሚኖሩት።"

አባቴ ወንበራቸውን አስጠጉና ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አዘነበሉ። "ጮክ በይ እንጂ፣ ልጁ አልሰማሽም" አሉኝ። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር፤ ልጁም "እሺ፣ እሺ እህቴ" እያለኝ ነው። እኔም ጮክ አድርጌ እንደገና ነገርኩት።